ለባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን መለካትና ማደባለቅ

የዛፍ መቁረጫ ሞተር መጋዝ፣ የሣር ማጨጃ፣ የድሮ ስኩተር፣ ከጀልባ ኋላ የሚታሰር ትንሽ ሞተር። ብዙዎቹ የሚሠሩት በባለ ሁለት ምት ሞተር ነው፤ በተለምዶ «ቱ ስትሮክ» የምንለው። ይህ ሞተር ቤንዚን ብቻ ከተሞላለት ብዙ ሳይቆይ ይነክሳል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ይቆማል ማለት ነው። ቤንዚኑ ውስጥ ተለክቶ የገባ ዘይት ይፈልጋል።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። በመኪና ሞተር ዘይቱ ከታች ኮፓ (የዘይት መያዣው) ውስጥ ይቀመጣል። ፓምፕ እየገፋ ያዳርሰዋል፤ ተመልሶም ይወርዳል። በቱ ስትሮክ ግን ኮሎው (ፒስተኑ የሚያሽከረክረው ዘንግ) የሚሽከረከርበት ክፍል ሌላ ሥራ አለው። ፒስተኑ ሲወጣ አየርና ቤንዚን ወደዚያ ይሳባል። ሲወርድ ደግሞ ታምቆ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። እዚያ ዘይት ማጠራቀም አይቻልም። ስለዚህ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ገብቶ ኮሎውን፣ ቢየላውን (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) እና ፒስተኑን እያረሰረሰ ያልፋል፤ መጨረሻ ላይ አብሮ ይቃጠላል። ያ ሰማያዊ ጭስ ከዚያ የሚመጣ ነው።

መጠኑ የሚጻፈው 50፡1፣ 40፡1 ወይም 25፡1 ተብሎ ነው። ሃምሳ ለአንድ ማለት 50 እጅ ቤንዚን፣ 1 እጅ ዘይት ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 1000ን ለ50 ሲያካፍሉ 20 ይወጣል። ስለዚህ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባል። ለ5 ሊትር 100፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር። በ40፡1 ለአንድ ሊትር 25፣ በ25፡1 ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ይሆናል። አንዳንድ መመሪያ በመቶኛ ይጽፈዋል፤ 2 በመቶ ከ50፡1 ጋር አንድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በጋሎን ነው የምትቀዱት። ለ1 ጋሎን በ50፡1 የሚያስፈልገው 2.6 አውንስ ያህል ነው።

የትኛው መጠን ትክክል ነው? ለመሣሪያው አምራቹ የጻፈው። የዘመኑ የሽቲልና የሁስክቫርና መጋዞች በ50፡1 ይሠራሉ። የቆዩ ሞተሮች ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ የበለጠ ዘይት ይፈልጋሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መለካቱ ላይ ነው። በቆርኪ ወይም በሲኒ ይለካል፤ ያ ካልተገኘ በዓይን ግምት ያፈሳል። ሲኒ ከሲኒ ይለያያል፤ ቆርኪም እንደዚያው። ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር የሚፈልግ ሞተር 10 ብቻ ካገኘ የሚያለሰልሰው ዘይት በግማሽ ጎደለ ማለት ነው። እኔ የማምነው ከፋርማሲ የሚገዛ ትልቅ ሲሪንጅ ነው። ርካሽ ነው፤ ቁጥሩም ተጽፎበታል። ለመድኃኒት ግን ዳግመኛ መዋል የለበትም።

ማደባለቁ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ንጹሕ የነዳጅ ጀሪካን ውስጥ ግማሹን ቤንዚን መቅዳት። ቀጥሎ የተለካውን ዘይት ጨምሮ ክዳኑን አጥብቆ መነቅነቅ። ከዚያ የቀረውን ቤንዚን ሞልቶ እንደገና መነቅነቅ። ወደ መሣሪያው ታንክ ከመቅዳት በፊትም አንድ ጊዜ ነቅነቅ ማድረግ ጥሩ ነው። ሥራው ደጅ፣ ከከሰልና ከሲጋራ ርቆ ይሠራ። ሞተሩ ትኩስ እንደሆነም አይሞላ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ድብልቁን ሃይላንድ ውስጥ አታስቀምጡ። ዘይቱ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቀለም አለው፤ ድብልቁ ከባዶ ቤንዚን እንዲለይ ነው። ለልጅ ዓይን ግን ያ ቀለም ጁስ ይመስላል። በነዳጅ ጀሪካን ይሁን፤ መጠኑና ቀኑም ይጻፍበት።

ዘይት ሲበዛስ? «ቢበዛ አይጎዳም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይጎዳል። ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠው) ይጠቁራል፤ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ካርቦን ይደፍነዋል። በዚያ ላይ ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ በካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር በሚያደባልቀው) የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል፤ ሞተሩም የበለጠ ሊግል ይችላል። የመኪና ሞተር ዘይትም ለዚህ አይሆንም። ሲቃጠል አመድ የሚተው ንጥረ ነገር አለበት። በአየር ለሚቀዘቅዝ መጋዝ ጄ.ኤ.ኤስ.ኦ. ኤፍ.ዲ. (JASO FD) የሚል የጥራት ደረጃ ምልክት ያለው ዘይት ይፈለጋል። በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ደግሞ ቲ.ሲ.-ደብልዩ 3 (TC-W3) የተባለው።

ይህ ሥራ በአንድ ወቅት የመኪና ነጂዎችም የዕለት ጉዳይ ነበር። በምሥራቅ ጀርመኗ ጽቪካው ከተማ የተሠራችው ትራባንት ባለ ሁለት ምት ነበረች። በደርግ ዘመን እዚያ ለትምህርት የሄዱ ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቋታል። የኋለኞቹ 50፡1፣ የቆዩት ግን ከዚያ የበለጠ ዘይት ይፈልጉ ነበር። በማደያዎቹም ዝግጁ ድብልቅ ይሸጥ ነበር። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ዘይቱን ከተለየ ታንክ በፓምፕ የሚያስገባ ሞተርሳይክል አወጣ፤ የማደባለቁን ጣጣ ከነጂው ወሰደለት። ዴልሂ ውስጥ ደግሞ የባጃጅና የስኩተር ነጂዎች ያልታሸገ ዘይት አብዝተው ይጨምሩ ስለነበር ከተማዋ በጭስ ታፍና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፍርድ ቤት ዝግጁ ድብልቅ በማደያ እንዲሸጥ አዘዘ።

ድብልቅ ይበላሻል። ከአንድ ወር ብዙም ባያልፍ ይመረጣል። ኤታኖል ያለበት ቤንዚን ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። አዲስ አበባ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር። ውኃው ከበዛ ኤታኖሉን ይዞ ከታች ይዘቅጣል፤ ካርቡራተሩ መጀመሪያ የሚስበውም ያንኑ ነው። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ያህል ብቻ ማደባለቅ ይሻላል። መጋዙ ለወራት የሚቀመጥ ከሆነም ታንኩን ባዶ ማድረግ፣ ከዚያም ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው ተቃጥሎ ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ ማስነሳት።