ውክፔዲያ ላይ መጻፍ፦ ደንቡ፣ ወጉና ጭቅጭቁ

ውክፔዲያ ማንም ሰው ገብቶ የሚጽፍበት፣ የሌላውንም ጽሑፍ የሚያርምበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር በፈረንጆቹ አቆጣጠር በጃንዋሪ 2001 በእንግሊዝኛ ጀመሩት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ሌላ ካልተባለ፣ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከዚያ በፊት ኑፔዲያ የሚባል ሥራ ነበራቸው። እዚያ አንድ ጽሑፍ ለአንባቢ የሚደርሰው ምሁራን በ7 ደረጃ ካጣሩት በኋላ ነበር። ሥራው ተንቀረፈፈ። ውክፔዲያ ነገሩን ገለበጠው፦ መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይታረም። ዛሬ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች አለ። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች አሉት።

በሩ ክፍት ሲሆን ሁሉም ይገባል። ዐዋቂው ይገባል፣ ቀልደኛው ይገባል፣ ቂመኛውም የራሱን ስም ማየት ያማረውም ይገባል። ደንቦቹ የተወለዱት ከዚህ ነው። ብዛታቸው ያደክማል። ሲጨመቁ ግን ከአብዛኞቹ የሚወጣው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ማን አለ?»

የተጻፈ ነገር ሁሉ ታትሞ የወጣ፣ የሚታመን ዋቢ ሊገኝለት ይገባል። መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ጥናት ይሆናል። የራስ ምርምር አይገባም፤ ጸሐፊው ፕሮፌሰር ቢሆንም እንኳ። ይህ ደንብ እኛን ክፉኛ ይነካናል። አያቶቻችን ስለ መንደራቸው አመሠራረት የሚያወጉት ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል፤ ካልታተመ ግን ውክፔዲያ አይቀበለውም። ያናድዳል። ቢሆንም ምክንያቱ ይገባኛል፤ ባሕር ማዶ ያለ አንባቢ አያቴን ደውሎ ሊጠይቅ አይችልም።

ዋቢ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ በ2005 ታይቷል። አንድ ሰው ስለ አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በሚያወራው ገጽ ላይ በፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲና በወንድሙ በሮበርት ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ፈጠራ ጻፈ። ውሸቱ ከ4 ወር በላይ ማንም ሳይነካው ቆየ። ሲገንታለር በጋዜጣ አቤት አለ፤ ነገሩ ዓለምን አዳረሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ተከለከለ። በሕይወት ስላሉ ሰዎች የሚጻፈውም ጠብቆ ተያዘ፦ ዋቢ የሌለው ክስ ውይይት ሳይጠብቅ ወዲያው ይነሳል።

ሌላው ትልቅ ደንብ ገለልተኝነት ነው። በአማርኛ ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። ቋንቋችን ራሱ ወገን ያስይዛላ! እንግሊዝኛ ለንጉሥም ለሽፍታም አንድ ተውላጠ ስም አለው፤ ይገላገላል። እኛ ግን «ነገሡ» እንበል ወይስ «ነገሠ»? ንጉሡን አንቱ ብሎ የሸፈተባቸውን ሰው አንተ ያለ ጸሐፊ፣ ሳያስበው ፈርዷል። ለእኔ የሚሻለው አንዱን መርጦ በገጹ ሁሉ መጽናት ነው። «እምዬ ምኒልክ» ለዘፈንና ለቤት ወግ ያምራል። ለመዝገበ ዕውቀት ግን «ዳግማዊ ምኒልክ» ይበቃል። እገሌ የተባለ ጸሐፊ «ከሃዲ» ብሎታል ተብሎ ከነዋቢው ሊጻፍ ይችላል። «ከሃዲ ነበር» ብሎ መደምደም ግን የውክፔዲያ ሥራ አይደለም።

የፊደሉም ነገር አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፤ ሁሉም ሲጻፉ እናያለን። ለእያንዳንዱ ገጽ ቢከፈት አንዱ ነገር ሦስት ቦታ ይበተናል። ስለዚህ ጽሑፉ በአንዱ አጻጻፍ ይቀመጥና ሌሎቹ ወደዚያ የሚመሩ መንገዶች ይሆናሉ። ፊደል እየቀያየሩ «አረምኩ» ማለት ነውር ነው። እንግሊዞችና አሜሪካኖችም ያው ችግር አለባቸው፤ ስምምነታቸው ገጹ በተጀመረበት ስልት ይቀጥል የሚል ነው። ዓመተ ምሕረት ላይ ግን መለሳለስ አያስፈልግም። የአድዋ ድል በእኛ 1888፣ በፈረንጆቹ 1896 ነው። የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ሳይገልጹ ቁጥር ማስቀመጥ አንባቢን በ7 ወይም በ8 ዓመት ማሳሳት ነው።

አለመግባባት ሲመጣ ወጉ እንዲህ ነው። ደፍሮ ማረም ይፈቀዳል። ሌላው ካልተስማማ ይሽረዋል፤ ማለትም ገጹን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ከዚያ ወዲያ መልሶ መላልሶ መሻር ሳይሆን ወደ ውይይት ገጽ መሄድ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ አንድ ገጽ ላይ ከ3 ጊዜ በላይ የሻረ ሰው ሊታገድ ይችላል፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም። በውይይት ገጽ ላይ አስተያየት ሲሰጥ መጨረሻው ላይ ~ የሚለው ምልክት አራት ጊዜ ይደረጋል፤ ስምና ሰዓት በራሱ ይወጣል። የሚተቸው ጽሑፉ ነው፣ ጸሐፊው አይደለም።

የውይይት ገጹ የድሮውን በላ ልበልሃ ያስታውሰኛል። ልዩነቱ፣ እዚህ አንደበተ ርቱዕ መሆን ብቻውን አያስረታም። የእጅ ብዛትም አይቆጠርም፤ የሚፈለገው መግባባት ነው። መግባባት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የእርጎ ገጽ ርዕስ ላይ ኤች የምትባለው ፊደል ትግባ አትግባ (yoghurt ወይስ yogurt) እየተባለ 8 ዓመት ያህል ተጨቃጭቀው በ2011 ነው የቋጩት። ወጣች። ለአንዲት ፊደል!

ሌላው ወግ ቅንነትን ማሰብ ነው። ያጠፋ ሁሉ አጥፊ አይደለም፤ አዲስ ገቢም አይመናጨቅም። ቅንነት ብቻውን ግን ቋንቋ አያሳውቅም። በ2020 በስኮትላንድ በሚነገረው በስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ላይ ከ20 ሺህ በላይ ገጾችን የከፈተው ሰው ቋንቋውን የማይችል አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። የጀመረው ገና ልጅ ሳለ ነው፤ የረዳ መስሎት። የአማርኛውን ገጽ ለማብዛት የማሽን ትርጉም እንዳለ ለሚለጥፉ ሰዎች ይህን ታሪክ መንገር ጥሩ ነው። አማርኛ የሚመስል ግን አማርኛ ያልሆነ ገጽ ከባዶ ገጽ ይብሳል።

የቀረው አጭር ነው። ስለ ራስ፣ ስለ ድርጅትህ ወይም ስለ ዘመድህ አለመጻፍ ይመከራል። ተከፍሎት የሚጽፍ ደግሞ ከ2014 ወዲህ መከፈሉን መግለጥ ግዴታው ነው። የሰው ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ አይቻልም። እዚህ የጻፉትንም ማንም ምንጩን ጠቅሶ፣ ውክፔዲያ በሚወጣበት በዚያው ነጻ የአጠቃቀም ፈቃድ ሊጠቀምበትና ሊለውጠው ይችላል።

ደንቡን ሁሉ አንብቦ የጀመረ ሰው ያለ አይመስለኝም። አብዛኛው ሰው በአንዲት እርማት ነው የሚገባው፦ የጎደለች አራት ነጥብ፣ የተሳሳተ ዓመት። እርማቱ በደቂቃ ውስጥ ተሽሮ ቢያይ መደናገጥ የለበትም። የገጹን ታሪክ ከፍቶ የሻረው ሰው ያስቀመጠውን ምክንያት ማንበብ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ዋቢ የለውም።»