ስቴፋን ዴቻንስኪ፦ አባቱ ዓይኑን ያስጠፋው፣ ልጁ ዙፋኑን የነጠቀው ቅዱስ ንጉሥ

ስቴፋን ኡሮሽ 3ኛ፣ በይበልጥ በሚታወቅበት ስሙ ስቴፋን ዴቻንስኪ፣ ሰርቢያን ከ1321 እስከ 1331 የገዛ ንጉሥ ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት፣ «በእኛ» ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰርቢያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን «ቅዱስ ንጉሥ»፣ «ታላቅ ሰማዕት» እያለች ታከብረዋለች። ዴቻንስኪ ማለት የዴቻኒው ማለት ነው፤ ዴቻኒ እርሱ ያሠራው ገዳም ሲሆን ሥጋው እስከ ዛሬ ያረፈው በዚያ ነው።

ሰማዕት ሲባል በአረማዊ ንጉሥ ፊት ቆሞ «ሃይማኖቴን አልክድም» ያለ ሰው ነው በአብዛኛው የሚታሰበን። የዴቻንስኪ ታሪክ እንዲህ አይደለም። ያሠቃዩት ክርስቲያኖች ናቸው፤ ያውም የገዛ አባቱና የገዛ ልጁ። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ደግሞ ዓይኑን ያስጠፋው አባቱ ንጉሥ ሚሉቲንም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን በቅዱስነት መከበሩ ነው።

ቅዱሳን የበዙበት ቤት

ዴቻንስኪ የተወለደው ከኔማኒች ሥርወ መንግሥት ነው። የቤቱ መሥራች ስቴፋን ኔማኛ በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዙፋኑን ለልጁ ትቶ መነኮሰ፤ ስሙም ስምዖን ተባለ። በአቶስ ተራራ በሚገኘው የሂላንዳር ገዳም ካረፈ በኋላ ከመቃብሩ ቅዱስ ዘይት ፈለቀ ይባላል። የመጨረሻ ልጁ ሳቫ በ1219 የመጀመሪያው የሰርቢያ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። ከዚያ ወዲህ መንግሥቱና ቤተ ክህነቱ ከአንድ ግንድ የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ሆነው ኖሩ። የቤቱ ነገሥታት ብዙዎቹ ሲሞቱ በቅዱሳን ተራ ስለተቆጠሩ ሰርቦች ዘሩን «ቅዱሱ የወይን ሐረግ» ይሉታል።

ስቴፋን የሚለው ስም ራሱ እንደ ስመ መንግሥት ነበር። ዙፋን ላይ የወጣ ኔማኒች ሁሉ በስሙ ላይ ይጨምረዋል። የእኛው «እስጢፋኖስ» ነው፤ በግሪክ ቋንቋ አክሊል ማለት ስለሆነ ለንጉሥም ለሰማዕትም ይስማማል።

መያዣ፣ አመፀኛ፣ ዕውር

ስቴፋን ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱን የፖለቲካ ዕዳ ሲከፍል ያደገ ልዑል ነው። በ1290ዎቹ ሚሉቲን ከኃይለኛው የታታር መሪ ከኖጋይ ጋር ሲታረቅ ልጁን መያዣ አድርጎ ሰጠው። ከዚያ የተመለሰው ኖጋይ ከተገደለ በኋላ ነው። ቀጥሎም የቡልጋሪያውን ንጉሥ የስሚሌትስን ልጅ ቴዎዶራን አግብቶ በአድሪያቲክ ባሕር በኩል ያለውን የዜታን ግዛት እንዲያስተዳድር ተሾመ።

በ1314 በአባቱ ላይ ዐመፀ። ተሸነፈ፤ ሚሉቲን አሳስሮ ወደ ስኮፕዬ ካስወሰደው በኋላ ዓይኑ እንዲጠፋ አዘዘ። ቅጣቱ ከቢዛንታይን (ከምሥራቅ ሮም) ቤተ መንግሥት የተወሰደ ልማድ ነው፦ ሰውየውን ሳይገድሉ ዙፋኑን ግን ለዘላለም መከልከል፤ ዕውር አይነግሥምና። ስቴፋን ከሁለት ልጆቹ ጋር ወደ ቁስጥንጥንያ ተላከና በንጉሠ ነገሥት አንድሮኒቆስ 2ኛ ጥበቃ ሥር በጰንጦክራጦር ገዳም ተቀመጠ።

ስለዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ትረካ አለ። ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሊቀ ጳጳስ ዳኒሎ 2ኛ ስም በሚታወቀው የነገሥታትና የሊቃነ ጳጳሳት ታሪክ ስብስብ ውስጥ፣ የዳኒሎ ደቀ መዝሙር የጻፈው የሕይወት ታሪክ አለ። ይህ ወደ ቤተ መንግሥቱ ያዘነብላል። ገድል ሊባል የሚገባው ሁለተኛው፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የዴቻኒ አበምኔት የነበረው ጎርጎርዮስ ጻምብላቅ የጻፈው ነው። ጻምብላቅ በታርኖቮ የተወለደ ቡልጋሪያዊ ነው፤ በኋላ የኪየቭ ሜትሮፖሊታን ሆኖ በ1418 በኮንስታንስ በተደረገው የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ እስከ መገኘት ደርሷል። ዛሬ ምእመናን የሚያውቁት ዴቻንስኪ በአብዛኛው ከጻምብላቅ ብዕር የወጣው ነው።

በጻምብላቅ ገድል ልዑሉ ጥፋት የለበትም፤ ነገሩ ሁሉ የእንጀራ እናቱ የሲሞኒዳ ሥራ ነው። ሲሞኒዳ ገና የ5 ዓመት ገደማ ሕፃን ሳለች በ1299 ለሚሉቲን የተዳረች የቢዛንታይን ልዕልት ናት። የራሷ ልጅ ስላልነበራት ለልጄ ብላ መንግሥት የምትቀማበት ምክንያት አይታይም። ሌሎቹ ምንጮች ልዑሉ ራሱ መሸፈቱን አይሸሽጉም። ክፉ የእንጀራ እናት ግን ለተረትም ለገድልም ትመቻለች።

ገድሉ እንደሚለው፣ ዓይኑ በጠፋበት ሌሊት «የበጎች ሜዳ» በሚባለው ስፍራ ቅዱስ ኒቆላዎስ ታየው፤ ሁለቱን ዓይኖቹን በመዳፉ ይዞ እያሳየው እንዳያዝን አጽናናው። በጰንጦክራጦር በጸሎትና በትዕግሥት ከቆየ በኋላ፣ በአምስተኛው ዓመት በቅዱሱ በዓል ዋዜማ በቆመበት ሸለብ ሲያደርገው ኒቆላዎስ እንደገና መጥቶ ብርሃኑን መለሰለት። ስቴፋን ግን ለማንም አልተናገረም፤ እንደ ወትሮው ዓይኑን በጨርቅ እንዳሰረ ኖረ። ገድሉ በዚያው ገዳም ሳለ መናፍቁን በርለዓምን እንደተቃወመም ይጨምራል። በርለዓም ቁስጥንጥንያ የገባው ግን ስቴፋን ወደ አገሩ ከተመለሰ ከዓመታት በኋላ ነው። ጻምብላቅ ስለ ጻድቅነት እንጂ ስለ ዘመን ቅደም ተከተል ብዙ አይጨነቅም።

የታሪክ ጸሐፊዎች በበኩላቸው መጀመሪያውኑ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ቀርቶ ይሆናል ይላሉ፤ ወይ ብረቱን የያዘው ሰው ራርቶለታል፣ ወይ በጉቦ ተይዟል። ሰውየው ያን ሁሉ ዓመት ዕውር መስሎ መኖሩን ሁለቱም ወገን ይቀበላል። ይህ ብቻውን የሚያስደንቅ ነው።

ንግሥናው

በቤተ ክህነት አማላጅነት በ1320 ገደማ ከአባቱ ጋር ታረቀና ተመለሰ፤ ጨርቁ ግን ከዓይኑ አልወረደም። ሚሉቲን ጥቅምት 29 ቀን 1321 እንደሞተ ስቴፋን ጨርቁን ፈትቶ ማየቱን በሕዝብ ፊት አሳየ። ለመኳንንቱ ከዚህ የሚበልጥ ምልክት አልነበረም። ጥር 6 ቀን 1322 ሊቀ ጳጳስ ኒቆዲሞስ ዘውድ ሲጭንለት ልጁ ዱሻንም በዚያው ዕለት «ወጣቱ ንጉሥ» ተብሎ አብሮት ተቀባ።

ዙፋኑ ያለ ደም አልጸናም። የሚሉቲን ሌላ ልጅ ቆስጠንጢኖስ «መንግሥቱ ለእኔ ይገባል» ብሎ ተነሣ፤ ተሸንፎ ተገደለ። የአጎቱ ልጅ ቭላዲስላቭም ቀጥሎ ተሸንፎ ከአገር ወጣ። ቅዱሱን የሚያወድሱ ጽሑፎች የቆስጠንጢኖስን ጉዳይ ቶሎ ብለው ያልፉታል።

ትልቁ ድሉ ሐምሌ 28 ቀን 1330 በቬልባዥድ የተገኘው ነው፤ የዛሬዋ የቡልጋሪያ ከተማ ኪዩስተንዲል ናት። የቡልጋሪያው ንጉሥ ሚካኤል ሺሽማን የዴቻንስኪን እኅት አናን ፈትቶ የቢዛንታይን ልዕልት ካገባ በኋላ ከአንድሮኒቆስ 3ኛ ጋር ሆኖ ሰርቢያን ሊወጋ ዘመተ። የቡልጋሪያ ጦር ድንገት ተመታ፤ ሚካኤልም ሞተ። ወጣቱ ዱሻን በጦርነቱ ስሙን ተከለ፤ ለአባቱ መዘዝ የሆነውም ይኸው ነው። ከድሉ በኋላ ወደ ቢዛንታይን ምድር ገፍተን እንሂድ ያሉ መኳንንት ንጉሡ ሲያመነታ ልጁን ከበቡት። በ1331 ዱሻን አባቱን ማርኮ በዝቬቻን ምሽግ አሰረው፤ መስከረም 8 ቀን ዘውድ ጫነ። ዴቻንስኪ ኅዳር 11 ቀን እዚያው እስር ቤት ሞተ።

ጻምብላቅ በልጁ ትእዛዝ ታንቆ መገደሉን ጽፏል። ከቢዛንታይን ጸሐፊዎች ወገን ግን ግድያውን የመኳንንቱ ሥራ የሚያደርጉ አሉ፤ የዱሻን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል። በሰርብኛ ማነቅ ማለት «ዱሺቲ» ስለሆነ ሰዎች «ዱሻን የተባለውም ስላነቀ ነው» ይላሉ። ቀልድ ነው፤ ስሙ ነፍስ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዱሻን በ1346 «ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ ሰርቢያን ወደ ታላቅነቷ ጫፍ አደረሳት፤ ሆኖም አባቱና አያቱ ቅዱሳን ሲባሉ እርሱ ለዘመናት ከዚያ ተራ ውጭ ቀርቷል። ምክንያቱ ሲነገር የአባቱ ደም መነሣቱ አይቀርም።

ዴቻኒ

ገዳሙ በምዕራብ ኮሶቮ፣ ፕሮክሌቲየ ከሚባሉት ተራሮች ግርጌ፣ በቢስትሪጻ ወንዝ ዳር ነው። ሥራው በ1327 ገደማ ተጀምሮ በ1335 አለቀ። በደቡብ በር ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ እንደሚለው ዋና ግንበኛው ከባሕር ዳርቻዋ ከተማ ከኮቶር የመጣ ፍራ ቪታ የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነው፤ ሥራውም 8 ዓመት ፈጅቷል። የኦርቶዶክስ ንጉሥ ገዳም በካቶሊክ መነኩሴ እጅ መታነጹ ሕንፃው ራሱ የሚናገረው ነገር ነው፦ በነጭ፣ በቢጫና ቀላ ባለ እብነ በረድ የተደረደረው ግድግዳ ከውጭ የጣሊያን ካቴድራል ይመስላል፤ ውስጡ ሲገባ ጉልላቱም ሥዕሉም ቢዛንታይን ነው። በመካከለኛው ዘመን ባልካን ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት በስፋት የሚበልጠው የለም።

ንጉሡ ለገዳሙ በ1330 የጉልት ደብዳቤ ጽፎ ብዙ መንደሮችን ሰጠ። ሕንፃው ሲያልቅ ግን እርሱ በሕይወት አልነበረም። ያስጨረሰው ዱሻን ነው፤ እስከ 1350 ገደማ ድረስ ግድግዳውን ያስሳለውም እርሱ ነው። ንስሐ ይሁን ፖለቲካ መለየት አስቸጋሪ ነው፤ በእኔ ግምት ሁለቱም አለበት። ሥዕሎቹ ከ1,000 በላይ ትዕይንቶች ናቸው። የዓመቱን 365 ቀናት ቅዱሳን በተራ የያዘ ስንክሳር የሚያህል የግድግዳ ሥዕል አለ፤ የኔማኒች የዘር ሐረግም እንደ ወይን ተስሏል። በስቅለቱ ሥዕል ላይ ፀሐይና ጨረቃ በሰው መልክ፣ እንደ ተወርዋሪ ኮከብ በሚመስል ነገር ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ኢንተርኔት ላይ «የጠፈር መንኮራኩር ነው» የሚሉ አይጠፉም።

አከባበሩ

ንጉሡ ካረፈ ጥቂት ዓመታት በኋላ መቃብሩ ተከፍቶ ሥጋው ሳይፈርስ መገኘቱ ይነገራል። ከዚያ ወጥቶ በመቅደሱ መጋረጃ ፊት፣ ምእመናን ሊሳለሙት በሚችሉበት ቦታ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን የተሠራው ባለ ቅርጽ የእንጨት ሣጥን አሁንም በገዳሙ ይገኛል። በኦቶማን አገዛዝ ዘመን በ1577 ሎንጊን የተባለ መነኩሴ የንጉሡን ሥዕል ሲሥል ዙሪያውን በገድሉ ትዕይንቶች ከበበው፤ የቬልባዥድም ጦርነት እዚያ አለ።

በዓሉ በጁሊያን አቆጣጠር ኅዳር 11፣ ማለትም በአሁኑ አቆጣጠር ኖቬምበር 24 ይውላል፤ በእኛ በአብዛኛው ዓመታት ኅዳር 15፣ የነቢያት ጾም የሚገባበት ዕለት መሆኑ ነው። በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት የሰርቢያና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት አንድ ኅብረት ስላይደሉ እርሱ በእኛ ስንክሳር የለም። በሰርቢያ ገጠር ግን ቀኑን «ምራቲንዳን» ይሉታል። ስሙ የመጣው በዚያው ቀን ከሚከበረው ከምዕራቡ ቅዱስ ማርቲን ሲሆን በሕዝቡ ልማድ የተኩላ በዓል ነው፤ ተኩላ ከብት እንዳይነካ በሚል በእነዚያ ቀናት ሱፍ አይፈተልም፣ አይሠራም። ንጉሡ ከተኩላ ጋር አንዳች ጉዳይ የለውም፤ ቀኑ ነው ያገናኛቸው።

ይህን ቀን «ስላቫ» አድርገው የያዙ ቤተሰቦችም አሉ። ስላቫ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የቤት ቅዱስ መታሰቢያ ነው፤ ለእኛ ዝክር ብንለው ይቀርባል። ሻማ ይበራል፣ የተባረከ ዳቦ ይቆረሳል፣ የተቀቀለ ስንዴ ይቀርባል። ስንዴው ንፍሮ ቢሆንም ከስኳርና ከለውዝ ጋር ተፈጭቶ ይጣፍጣል።

ዩኔስኮ ዴቻኒን በ2004 በዓለም ቅርስነት መዝግቦ በ2006 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ አስገባው። በ1999ኙ የኮሶቮ ጦርነት መነኮሳቱ ሰርቦችንም፣ አልባኒያውያንንም፣ ሮማ (ጂፕሲ) የሚባሉትንም አስጠግተው ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ገዳሙ ከአንድ ጊዜ በላይ በፈንጂ ተጠቅቷል፤ የኔቶ ጦር፣ በተለይ የጣሊያን ወታደሮች፣ ይጠብቁታል። 24 ሄክታር መሬቱ የገዳሙ መሆኑን የኮሶቮ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2016 ቢወስንም ምዝገባው የተፈጸመው በ2024 ነው።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ለንጉሡ የምስጋና ጸሎት ሲደርስ የሣጥኑ ክዳን ይነሣል። በዚያ ጊዜ ከሚመጡት ውስጥ መውለድ ያልቻሉ ባልና ሚስቶች ይበዛሉ፤ ከሣጥኑ ሥር በጉልበታቸው ያልፋሉ። ሙስሊም አልባኒያውያንም መምጣታቸው የቆየ ልማድ ነው። ወታደሮቹን አልፎ በደቡቡ በር የገባ ሰው ሁሉ የፍራ ቪታን ስምና የንጉሡን ስም በአንድ ድንጋይ ላይ አንብቦ ነው ወደ ሣጥኑ የሚደርሰው።