የኮሪያ ዘማቾችና የወደቁት ጓደኞቻቸው ቤተሰቦች

በኢትዮጵያ «የኮሪያ ዘማች» የሚባለው በ1943 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በቃኘው ሻለቃ ስም ወደ ኮሪያ የተላከው ወታደር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሻለቆች ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡ ነበሩ። በተከታታይ የሄዱት ሻለቆች በጠቅላላው 6,037 ሰው ይዘው እንደነበር ይነገራል። የቆሰሉት 536 ሲሆኑ የሞቱት አንዳንድ ጽሑፎች ላይ 121፣ ሌሎች ላይ ደግሞ 122 ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሚያተኩረው በውጊያው ላይ ሳይሆን በሕይወት የተመለሱት ዘማቾች ከወደቁት ጓደኞቻቸው ቤተሰቦች ጋር ለሰባት ዐሥርት ዓመታት ባቆዩት ዝምድና ላይ ነው።

ቃኘው የሚለው ስም የመጣው ከራስ መኮንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ነው። ቃሉን በሌላ መንገድ የሚተረጉሙም አሉ፤ የፈረሱ ስም ግን ለወታደሩ ይበልጥ ይስማማዋል። አንደኛው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ቡሳን ደረሰ። እዚያም ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተቀላቀለ። ንጉሠ ነገሥቱ የተባበሩት መንግሥታትን ጥሪ ተቀብለው ጦር ለመላክ የፈጠኑት በ1928 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ያቀረቡት አቤቱታ ሰሚ ያጣበትን ጊዜ ስላልረሱ ነው።

ዘማቾቹ አዘውትረው የሚያነሱት ነገር ቢኖር ማንንም ጥለው አለመምጣታቸውን ነው። በ1945 ዓ.ም. ተኩስ ቆሞ ምርኮኛ ሲለዋወጡ ከሰሜን በኩል የሚመለስ ኢትዮጵያዊ አልነበረም፤ የተማረከ አልነበረምና። ቁስለኛውን ተሸክሞ፣ ሬሳውንም ከተራራ አውርዶ መመለስ በመካከላቸው እንደ ቃል ኪዳን ይቆጠር ነበር። ለወታደሩ ይህ ጀግንነት ነው። ለእናት ግን ከዚያም ይበልጣል። የልጇን መሞት ያልተረዳች እናት በር በተንኳኳ ቁጥር ትነሳለች፤ መርዶ የተነገራት ግን ታለቅሳለች፣ አርባ ታወጣለች፣ ተዝካር ታወጣለች። የሻለቃው ሙታን አስክሬን ባዕድ አገር ቀርቶ አልቀረም፤ ወደ አገሩ ተመልሷል።

እንደ አገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ሰፈሩ ሳይነቃ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በመሄድ ነው። ከዘመቻ የተመለሰ ጓደኛ ደግሞ የዚያን ቀን ባይደርስም በኋላ ልቅሶ መድረስ ይጠበቅበታል። ሲደርስም የሚጠየቀው አንድ ነው፦ «አብረኸው ነበርክ? ምን አለ?» ዘማቹም የሚያውቀውን ይናገራል፤ ሊነገር የማይገባውን ያስቀራል። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ እንደ ልጅ ያየዋል። ለሟቹ ልጆችም «ጋሼ» የሚሉት አጎት ይሆናል፤ በሠርግም በልቅሶም አይጠፋም።

ጃንሆይ ለተመላሾቹ መሬት ሰጥተው ነበር። ዛሬ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ «ኮሪያ ሰፈር» የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ዘማች ከዘማች ጎረቤት ሲሆን እድሩም ልቅሶውም አንድ ይሆናል። ዝምድናው ከወረቀት ይልቅ በሰፈር የቆየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በ1953 ዓ.ም. ታኅሣሥ ክቡር ዘበኛ የመራው መፈንቅለ መንግሥት ከሸፈ በኋላ ጓዶቹ ለሁለት መከፈላቸው አልቀረም። በደርግ ዘመን መንግሥት ዘማቾቹ ከተዋጓት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ ኒሻን ማንጠልጠል ለብዙዎች የሚያስፈራ ነገር ሆነ።

በኮሪያ በኩል ግን ዝምድናው አልተቋረጠም። መነሻው ዘማቾቹ ራሳቸው ናቸው። ከደመወዛቸው እየቆረጡ በዶንግዱቾን «ቦህዋ» የተባለ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቋቁመው ነበር። እዚያ ያደጉት ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። ቹንቾን ከተማ ላይ በ1960 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ ሲመረቅ ጃንሆይ በአካል ተገኝተዋል። በዚያው አካባቢ ከሐውልቱ አጠገብ አንድ ቡና ቤት ተከፍቶ ሥራውን ጀመረ፤ ስሙም «ኢትዮጵያ ቤት» ነው። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ጣሪያው የጎጆ ቅርጽ ያለው የመታሰቢያ አዳራሽ ተጨመረ። ከዚያ በፊት፣ በ1998 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ላይ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ቆሟል። በከተማው «ኮሪያ ሆስፒታል» እየተባለ የሚጠራው የሕክምና ተቋም ዘማቾችን በማከሙ ይታወቃል፤ ከኮሪያ በኩልም ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንቶች ዘማቾቹን ሳያገኙ አልሄዱም። እርዳታ ይበቃል አይበቃም የሚለው በዘማቾቹ መካከል ክርክር አለው፤ ውለታቸው መቆጠሩን ግን የሚጠራጠር የለም።

አፍንጮ በር ላይ የአበባ ጉንጉን በሚቀመጥበት ቀን የቀሩት ዘማቾች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዱላ የሚደገፉት ሰላምታ ለመስጠት ዱላውን ወደ ግራ እጃቸው ያዛውራሉ። ከኋላቸው የቆሙት ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ አባታቸው የለበሰውን ኒሻን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ከኒሻኖቹ አንዱ ሰማያዊና ነጭ ጥብጣብ ያለው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳይ ነው። የኢትዮጵያውያኑ ሜዳይ ጽሑፉ የእንግሊዝኛ አይደለም፤ ከጥብጣቡ ላይ ባለችው ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ላይ በፊደላችን «ኮሪያ» ተብሎ ተቀርጿል።