የንግድ ምኅዳር፣ የንግድ ሥነ ምግባርና የንግድ ሕግ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

ንግድ ትርፍ ለማግኘት ዕቃ ማምረት፣ መሸጥ ወይም አገልግሎት መስጠት ነው። ትርጉሙ አጭር ነው፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። በአንድ ክፍል ብቻውን የሚሠራም ሆነ በመቶ አገር ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ሦስት ነገሮች ከበውት ይሠራል። አንደኛው የንግድ ምኅዳር ነው፤ ነጋዴው ያልፈጠረው፣ ብዙውን ጊዜም ሊለውጠው የማይችለው ሁኔታ። ሁለተኛው የንግድ ሥነ ምግባር ነው፤ ማንም ሳያስገድደው ራሱን የሚገታበት ልጓም። ሦስተኛው የንግድ ሕግ ነው፤ ወደደም ጠላም የሚገዛለት።

በመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱ በተለያዩ ምዕራፎች ይቀመጣሉ። በተግባር ግን አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ምኅዳሩ ሲለወጥ ሕግ ያላሰበው ክፍተት ይከፈታል፤ አንዳንዱ ነጋዴ ክፍተቱን አይቶ ያልፈዋል፣ አንዳንዱ ዘሎ ይገባበታል፤ ጉዳቱ አደባባይ ሲወጣ ደግሞ አዲስ ሕግ ይታወጃል። ዛሬ ደረቅ አንቀጽ መስለው የሚታዩት ድንጋጌዎች ብዙዎቹ ከጀርባቸው የወደቀ ሕንፃ፣ የከሰረ ድርጅት ወይም የተመረዘ ሰው አለ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምኅዳሩ

የስዊዘርላንድ ማዕከላዊ ባንክ ከ2011 ጀምሮ የአንድ ዩሮ ዋጋ ከ1.20 ፍራንክ በታች እንዳይወርድ ሲከላከል ቆየ። ጃንዋሪ 15 ቀን 2015 ጠዋት ይህን ወለል ማንም ሳይጠብቅ አነሣው፤ ፍራንኩም በደቂቃዎች ውስጥ ሽቅብ ተተኮሰ። ሰዓትና ማሽን እየሠሩ ለጎረቤት አገሮች የሚሸጡ ፋብሪካዎች ከትናንት ወዲህ ምንም አልለወጡም፤ ሠራተኛውም፣ ጥራቱም፣ ወጪውም ያው ነው። ሆኖም በዩሮ የሚከፍለው ደንበኛ ሲያየው ዕቃቸው በአንድ ጀምበር ተወዶ ነበር። የንግድ ምኅዳር ሲባል እንግዲህ እንዲህ ያለው ኃይል ነው።

ምኅዳር ውስጣዊና ውጫዊ ተብሎ ይከፈላል። ውስጣዊው ካፒታሉን፣ የሰው ኃይሉን፣ አመራሩንና የአሠራር ባህሉን ይይዛል፤ ነጋዴው በእጁ ነው። ውጫዊው ደግሞ ቅርብና ሩቅ አለው። ቅርቡ ደንበኛው፣ አቅራቢው፣ ተወዳዳሪውና አበዳሪው ነው። የንግድ ስትራቴጂ ምሁሩ ማይክል ፖርተር በ1979 ይህን ቅርብ ክበብ በአምስት ኃይሎች አስቀምጦታል፦ በገበያው ውስጥ ያሉ ተፎካካሪዎች፣ ሊገቡ የሚችሉ አዲስ መጪዎች፣ ተተኪ ዕቃዎች፣ የአቅራቢዎችና የገዢዎች የመደራደር አቅም። ከአምስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ተተኪው ነው። የደብዳቤ ፖስታ አምራች ዓይኑን በሌላ የፖስታ አምራች ላይ ተክሎ ሳለ ገበያውን የወሰደበት ኢሜይል ነበር።

ሩቁ ክበብ ፖለቲካውን፣ ኢኮኖሚውን፣ ማኅበረሰቡን፣ ቴክኖሎጂውን፣ የተፈጥሮ አካባቢውንና ሕጉን ያቅፋል። በየዓመቱ ዕቅድ ላይ ስድስቱን ርዕስ በሠንጠረዥ መሙላት የተለመደ ነው። መሙላቱ አይከፋም፤ ነገር ግን «የዋጋ ንረት አለ»፣ «ቴክኖሎጂ እያደገ ነው» ተብሎ የተሞላ ሠንጠረዥ ለማንም አይረባም። የሚረባው ጥያቄ ከነዚህ ውስጥ ነገ ቢለወጥ ሥራችንን የሚያቆመው የትኛው ነው የሚለው ነው። ደግሞም ችግሩ በአብዛኛው የሚመጣው በሁለት ርዕሶች መካከል ነው። የሰውን መረጃ መሰብሰብ ቴክኖሎጂ ርካሽ ባደረገው ጊዜ ጉዳዩ የቴክኖሎጂ ብቻ ይመስል ነበር። ከሜይ 25 ቀን 2018 ወዲህ ግን የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ ከባድ ጥሰት የፈጸመን ድርጅት እስከ 20 ሚሊዮን ዩሮ፣ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ እስከ ዓመታዊ የዓለም አቀፍ ሽያጩ 4 በመቶ ሊቀጣ ይችላል። ደንቡ ኅብረቱ ውስጥ ላሉ ሰዎች ዕቃና አገልግሎት የሚያቀርብን ድርጅት ሁሉ ይከተላል፤ ቢሮው ሌላ አህጉር ላይ መሆኑ አያድነውም።

ሥነ ምግባሩ

ትክክለኛው ድርጊት የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ፈላስፎች ሦስት ዋና መንገድ አበጅተዋል። የቤንታም ተከታዮች ድርጊትን በውጤቱ ይመዝናሉ፤ የካንት ተከታዮች በግዴታው፤ የአርስቶትል ተከታዮች ደግሞ «ይህን የሚያደርግ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። በንግድ ውስጥ ግን ክርክሩ የጦፈው ድርጅት ለማን ይኖራል በሚለው ላይ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን በ1970 የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ሲል ጻፈ። ይህን የሚጠቅሱ ሰዎች የአባባሉን ሁለተኛ ግማሽ ይቆርጡታል፤ ትርፉ የጨዋታውን ሕግ ጠብቆ፣ ያለ ማታለልና ያለ ማጭበርበር መገኘት እንዳለበትም ጽፏል። በሌላ ወገን የአመራር ምሁሩ ኤድዋርድ ፍሪማን ከ1984 ጀምሮ ሠራተኛው፣ ደንበኛው፣ አቅራቢውና በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብም ከባለ አክሲዮኑ እኩል ባለድርሻ ናቸው የሚለውን አስተሳሰብ አስፋፋ።

ሥነ ምግባር ወረቀት ላይ መጻፉ ዋስትና አይደለም። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ 64 ገጽ ያለው የሥነ ምግባር መመሪያ ነበረው። ዕዳውን ከሒሳብ መዝገቡ ውጭ በተቋቋሙ ድርጅቶች ሲደብቅ ቆይቶ ዲሴምበር 2 ቀን 2001 ኪሳራ አወጀ። የገንዘብ ኃላፊው ከኩባንያው ጋር የሚዋዋሉትን አንዳንዶቹን ድርጅቶች ራሱ ያስተዳድር ነበር፤ የጥቅም ግጭት ማለት በአንድ እጅ ሻጭ በሌላው ገዢ መሆን ነው። የዳይሬክተሮች ቦርዱም መመሪያው በዚህ ጉዳይ እንዳይሠራበት ፈቅዶለት ነበር! አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት የሳርቤንስ ኦክስሊን ሕግ አወጣች፤ ዋና ሥራ አስኪያጁና የገንዘብ ኃላፊው የሒሳብ መግለጫውን ትክክለኛነት በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ አስገደደች።

ከኤንሮን ጋር አብሮ የጠፋው ኦዲተሩ አርተር አንደርሰን ነው። ሰነድ በማጥፋት በ2002 ጥፋተኛ ተባለ፤ በ2005 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። በሕግ ፊት አሸነፈ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ግን ወደ 85,000 የሚጠጉት ሠራተኞቹ ተበትነው ነበር፤ ኦዲተር የሚሸጠው እምነትን ስለሆነ እምነቱ ከሄደ በኋላ የሚመለስበት የይግባኝ ሰሚ ችሎት የለም።

ተቃራኒው ምሳሌ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ነው። በ1982 በቺካጎ አካባቢ አንድ ያልታወቀ ሰው ታይሌኖል በተባለው የሕመም ማስታገሻ እንክብል ውስጥ ሳያናይድ ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ። መርዙ ከፋብሪካው አልወጣም፤ ኩባንያውን ያስገደደው ሕግም አልነበረም። ሆኖም 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፤ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ገዢው ከመክፈቱ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት እንደሆነ የሚያስታውቀው የመድኃኒት ማሸጊያ ግዴታ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ሥነ ምግባር ከሕግ ቀደመ።

ጉቦ ለብቻው ሊነሣ ይገባል፤ ቋንቋም ሲያባብለው ኖሯልና። «እጅ መንሻ»፣ «ማለስለሻ»፣ «የምስጋና ስጦታ» ይባላል። ሕግም ቢሆን ሲያባብለው ኖሯል። ሎክሂድ የተባለው አውሮፕላን አምራች ለውጭ ባለሥልጣናት ገንዘብ ሲያድል እንደነበር ከታወቀ በኋላ አሜሪካ በ1977 የውጭ ባለሥልጣንን በጉቦ መደለል ወንጀል አደረገች። በሌሎች የበለጸጉ አገሮች ግን ለውጭ ባለሥልጣን የተሰጠ ጉቦ ለረጅም ጊዜ ከግብር የሚቀነስ የሥራ ወጪ ነበር፤ በጀርመን ይህ የቆመው በ1999 ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 2008 ላይ፣ የጀርመኑ ሲመንስ በጉቦ ጉዳይ ለአሜሪካና ለጀርመን መንግሥታት በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ትናንት በደረሰኝ የሚወራረድ ወጪ ዛሬ የሚያስከስስ ወንጀል ሆነ።

ሕጉ

የንግድ ሕግ መሠረቱ ውል ነው። ውል እንዲጸና ተዋዋዮቹ ችሎታ ያላቸው መሆን፣ ፈቃዳቸው በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በኃይል ያልተበላሸ መሆን፣ የተዋዋሉበት ጉዳይም የተቻለና ሕጋዊ መሆን አለበት። አንዳንዱ ውል ከዚህ ሌላ ጽሑፍና ምስክር ይፈልጋል። ቃል መቼ ውል ይሆናል የሚለውን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1892 በአስቂኝ ጉዳይ መልሶታል። ካርቦሊክ ስሞክ ቦል የተባለ ኩባንያ «መድኃኒታችንን በትእዛዙ መሠረት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው 100 ፓውንድ እንሸልማለን» ብሎ በጋዜጣ አሳወጀ፤ ለቁም ነገሩም ማሳያ 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን ጨመረ። ወይዘሮ ካርሊል ተጠቀመች፤ ታመመች፤ ጠየቀች። ኩባንያው «ማስታወቂያ እኮ ነው» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ባንክ ያስቀመጣችሁት ገንዘብ እንደማትቀልዱ ይመሰክራል ብሎ አስከፈለው።

ሁለተኛው ምሰሶ የሕግ ሰውነት ነው። የግል ነጋዴ ዕዳው እስከ ቤቱ ይከተለዋል፤ በተራ ሽርክናም ሸሪኮቹ ለዕዳው በግል ንብረታቸው ይጠየቃሉ። ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበርና በአክሲዮን ማኅበር ግን አባሉ የሚያጣው ያዋጣውን ብቻ ነው። እንግሊዝ ይህን የተወሰነ ኃላፊነት በጠቅላላው የፈቀደችው በ1855 ነው። ትርጉሙ ጥርት ብሎ የወጣው በ1897 በአሮን ሳሎሞን ጉዳይ ነው። ጫማ ሠሪው ሳሎሞን ሥራውን ለራሱ ኩባንያ ሸጠ፤ ከ20,007 አክሲዮን 20,001ዱ የእሱ፣ ቀሪዎቹ ስድስቱ የሚስቱና የአምስት ልጆቹ ነበሩ። ኩባንያው ሲወድቅ አበዳሪዎች «ኩባንያው ራሱ ሳሎሞን ነው» አሉ። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት አልተቀበለም፤ ኩባንያው ሌላ ሰው ነው፣ ዕዳውም የራሱ ነው አለ። ይህ ፍርድ ለአበዳሪዎቹ መራራ ቢሆንም ዛሬ ማንም ቤቱን ሳያስይዝ ባልታወቀ ሥራ ላይ ገንዘቡን የሚያውለው በዚህ መርህ ተማምኖ ነው። መርሁን ለማጭበርበር የሚጠቀምበት ሲኖር ፍርድ ቤቶች መጋረጃውን ገልጠው ባለቤቱን ይይዛሉ፤ ይህ የሚሆነው ግን አልፎ አልፎ ነው።

ውል በሌለበትም ኃላፊነት አለ። በ1928 በስኮትላንድ ፔይዝሊ ከተማ ወይዘሮ ዶናሂው ጓደኛዋ የገዛችላትን መጠጥ ስትጠጣ ከጠርሙሱ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ወጣ፤ ታመመችም። የገዛችው እሷ ስላልነበረች ከማንም ጋር ውል የላትም። የጌቶች ምክር ቤት በ1932 አምራች ዕቃውን ለሚጠቀም ሰው ሁሉ የጥንቃቄ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። በዓለም ላይ ለብዙ የሸማቾች መብት መነሻ የሆነው ይህ ቀንድ አውጣ በእርግጥ ጠርሙሱ ውስጥ መኖሩ በማስረጃ ተረጋግጦ አያውቅም፤ ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ።

የውድድር ሕግን፣ የአእምሯዊ ንብረትን፣ የሠራተኛና አሠሪ ሕግን እዚህ በስፋት ማንሣት አይቻልም። ገበያን በብቸኝነት መያዝን የሚከለክለው፣ ሸርማን የተባለው የ1890 የአሜሪካ ሕግ በ1911 የሮክፌለርን የነዳጅ ኩባንያ ስታንዳርድ ኦይልን 34 ቦታ እንደከፈለው ማስታወስ ለጊዜው ይበቃል።

በድንበር ተሻጋሪ ንግድ ላይ ግን ትንሽ መቆየት ይገባል፤ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነውና። የ1980ው የቪየና ስምምነት፣ ስምምነቱን በተቀበሉ የተለያዩ አገሮች የሚሠሩ ነጋዴዎችን የሽያጭ ውል ይገዛል፤ ተዋዋዮቹ ካልፈለጉት በውላቸው ሊያስቀሩት ይችላሉ። የዓለም አቀፍ ንግድ ምክር ቤት ከ1936 ጀምሮ የሚያወጣቸው፣ ኢንኮተርምስ የተባሉት የሽያጭ ቃላት ደግሞ ወጪና ስጋት ከሻጭ ወደ ገዢ የሚሻገርበትን ነጥብ ይወስናሉ። ከነዚህ ቃላት አንዱ በሆነው በኤፍ.ኦ.ቢ. ዕቃው መርከብ ላይ ሲጫን ስጋቱ የገዢው ይሆናል። በሌላው፣ በሲ.አይ.ኤፍ.፣ ሻጩ እስከ መድረሻው ወደብ ድረስ ማጓጓዣና መድን ስለሚከፍል ብዙ ገዢ ስጋቱም እስከዚያ የሻጩ ይመስለዋል። አይደለም፤ ስጋቱ እዚያው መጫኛው ላይ ተሻግሯል። ዕቃው ባሕር ላይ ቢጠፋ መድን ሰጪውን የሚያሳድደው ገዢው ነው። ክርክር ከተነሣም ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ከፍርድ ቤት ይልቅ የግልግል ዳኝነትን ይመርጣሉ፤ በ1958ቱ የኒውዮርክ ስምምነት መሠረት የግልግል ውሳኔ ከ170 በሚበልጡ አገሮች ስለሚፈጸም ነው።

ሕግ ሥነ ምግባርን ሲከተል

ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ባንግላዴሽ ውስጥ ራና ፕላዛ የተባለው ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ግድግዳው መሰንጠቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር። በሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን አስወጣ፤ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ ተመለሱ ተባሉ። ያንን ስንጥቅ ባንኩም አየው፣ ፋብሪካዎቹም አዩት። ልብሱን ያዘዙት ታላላቅ የውጭ ብራንዶች ብዙዎቹ ከፋብሪካዎቹ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በንዑስ ተቋራጭ በኩል ስለነበር በአብዛኛው አገር ሕግ ተጠያቂ አልነበሩም።

የተባበሩት መንግሥታት በ2011 ያጸደቃቸው መርሆዎች ድርጅቶች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ሁሉ ሰብአዊ መብትን እንዲያከብሩ ቢጠይቁም አስገዳጅ አልነበሩም። ፈረንሳይ በ2017 በአገር ውስጥ 5,000፣ ወይም በዓለም ዙሪያ 10,000 ሠራተኛ ያላቸው ኩባንያዎች የንዑስ ድርጅቶቻቸውንና የአቅራቢዎቻቸውን አደጋ የሚለዩበትና የሚከላከሉበት ዕቅድ እንዲያወጡ፣ በተግባርም እንዲያውሉት አስገደደች። የአውሮፓ ኅብረት ተመሳሳይ መመሪያ በ2024 አጸደቀ፤ ዓመት ሳይሞላው፣ በኤፕሪል 2025፣ በንግዱ ማኅበረሰብ ግፊት የመፈጸሚያ ቀኑን አራዘመው።