ጦርነት ከግቢ ያስወጣቸው ተማሪዎች፦ ውጭ አገር መማሪያ መንገዶች

በዓለም ላይ ለዩኒቨርሲቲ ከደረሱ ወጣቶች ከመቶ 40 ያህሉ ይማራሉ። ከስደተኞች መካከል ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ዕድል ያገኙት ከመቶ 1 ብቻ ነበሩ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን፣ ማለትም ዩኤንኤችሲአር፣ በ2024 ባወጣው ሪፖርት 7 ከመቶ ደርሰዋል ይላል። በ2030 15 ከመቶ ማድረስ ነው ዕቅዱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ያደገው ግን ልጆቹ ተሳፍረው አውሮፓና ካናዳ ስለሄዱ አይደለም። አብዛኞቹ የተጠለሉበት አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የገቡት። ባሕር ማዶ የሚወስደው መንገድ አለ፤ ግን ጠባብ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ከሁመራ ሸሽቶ ሱዳን ኡም ራኩባ ካምፕ የገባ ልጅ በሕግ ስደተኛ ነው። ሽሬ የተጠለለው የክፍል ጓደኛው ግን ድንበር ስላልተሻገረ ተፈናቃይ ነው። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የሚኖረውም እንደዚያው። የሦስቱም ትምህርት በጦርነት ተቋርጧል። «ለስደተኞች» ተብሎ የሚወጣው ስኮላርሺፕ ግን የሚመለከተው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ይህን ሳያዩ ፎርም በመሙላት ወራት የሚያቃጥሉ ብዙ ናቸው።

ከስደተኛ ስኮላርሺፖች በሰፊው የሚታወቀው ዳፊ ነው። በ1992 ተጀመረ። ገንዘቡን በዋናነት የጀርመን መንግሥት ይሰጣል፤ የሚያስተዳድረው ዩኤንኤችሲአር ነው። ስያሜው ራሱ ስደተኛ ከነበረው ከአልበርት አይንስታይን ነው የተወሰደው። ዳፊ ግን ውጭ አይልክም። ኢትዮጵያ ያለ ደቡብ ሱዳናዊ እዚሁ ይማርበታል፤ ኬንያ ወይም ኡጋንዳ ያለ ኢትዮጵያዊም እዚያው። «የዩኤን ስኮላርሺፕ» ሲባል ቪዛ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም።

ድንበር ከሚያሻግሩት ውስጥ እኔ የማደንቀው የካናዳውን ነው። ዉስክ የሚባለው ድርጅት ከ1978 ጀምሮ ስደተኛ ተማሪዎችን ያመጣል። ገንዘቡ በብዛት የሚገኘው ከራሳቸው ከተማሪዎቹ መዋጮ ነው። የግቢው ተማሪዎች ድምፅ ይሰጡና ከትምህርት ክፍያቸው ጋር ጥቂት ዶላር ይጨመርባቸዋል። ያ ተጠራቅሞ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ያመጣል። እንዲህ የሚያዋጡ ብዙ ግቢዎች ስላሉ በዓመት ከመቶ በላይ ተማሪ ይገባል። ኤርፖርት የሚቀበሉትም፣ የክረምት ጃኬት የሚያጋዙትም፣ ባንክ ሂሳብ የሚያስከፍቱትም እነዚያው ያዋጡት ተማሪዎች ናቸው።

ሌላም ትልቅ ልዩነት አለው። ልጁ የሚገባው በተማሪ ቪዛ ሳይሆን እንደ ቋሚ ነዋሪ ነው። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የተማሪ ቪዛ ሁሌም «ስትጨርስ ትመለሳለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ከጦርነት የሸሸ ልጅ ምን ብሎ ይመልስ? እመለሳለሁ ቢል «ታዲያ ለምን ተሰደድክ?» ይመጣል። አልመለስም ቢል ቪዛው ቀረ። ከዚህ ላይ ፓስፖርትና የባንክ ስቴትመንት አምጣ ይባላል። ብዙ ጎበዝ ተማሪ የወደቀው በውጤቱ ሳይሆን እዚህች ጋ ነው። የካናዳው መንገድ ይህን ጣጣ ከሥሩ ነው የቆረጠው።

ችግሩ ማመልከት የሚቻለው ከጥቂት አገሮች መሆኑ ነው፤ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛንያ፣ ማላዊ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስን የመሳሰሉ። ካኩማና ዳዳብ በሚባሉት የኬንያ ካምፖች ያደጉ ሶማሌዎች፣ ደቡብ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን የኬንያን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ወስደው በውጤታቸው ይወዳደራሉ። ቃለ መጠይቅ አለ፣ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ ከዚያ የካናዳ ኢሚግሬሽን አለ፣ የሕክምና ምርመራ አለ። ከማመልከቻ እስከ በረራ ከዓመት በላይ ይፈጃል።

የጣልያኑ ዩኒኮር ደግሞ የተጀመረው ከእኛው አገር ነው። በ2019 የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲና ሮም የሚገኘው ሉዊስ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያ ውስጥ ከነበሩ ኤርትራውያን ስደተኞች ጥቂት ተማሪዎችን መርጠው ወሰዱ። በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቀስ በቀስ ከ30 በላይ የጣልያን ዩኒቨርሲቲዎች ገቡበት፤ ተማሪ የሚመረጥባቸው የአፍሪካ አገሮችም በዙ። ቲኬቱ፣ ቪዛው፣ ማደሪያው ይሸፈናል። ሲደርሱ ካሪታስና ዲያኮኒያ ቫልዴዜ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ድርጅቶች ይቀበሏቸዋል። ግን ለማስተርስ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ የሌለው አይወዳደርም። የተማረ ስደተኛ ካምፕ ተቀምጦ ዕድሜውን እንዳይፈጅ የታሰበ ነው፤ 12ኛ ክፍል ላይ ያቋረጠውን ግን አይደርስለትም።

አሜሪካ በ2023 የካናዳውን የመሰለ ፕሮግራም ከፍታ ነበር። ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ዋስ ሆነው ስደተኛ ተማሪ የሚያመጡበት። በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ በአጠቃላይ ሲቆም እሱም አብሮ ቆመ። ይህ ዘርፍ እንዲህ ነው፤ የመንግሥት ለውጥ ሲመጣ በር ይዘጋል።

አንዳንዴ ደግሞ በሩ የሚከፈተው ለአንድ ጦርነት ብቻ ነው። የፖርቱጋል ፕሬዚዳንት የነበሩት ዦርዤ ሳምፓዮ በ2013 ለሶሪያ ተማሪዎች የሚሆን ፕሮግራም አቋቋሙ። ሜክሲኮም ሶሪያውያንን ያስተማረ አንድ ፕሮጀክት አለ፤ ስሙ «ሀበሻ» ነው፣ ይገርማል። በመጋቢት 2022 የአውሮፓ ኅብረት ለዩክሬናውያን ጊዜያዊ ከለላ በአንዴ ፈቀደ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ተቀበሏቸው። ዩክሬን ውስጥ ይማሩ የነበሩና በዚያው ባቡር የሸሹ አፍሪካውያን ተማሪዎች ግን በብዛት ከከለላው ውጭ ቀሩ። ስለዚህ የትኛው ጦርነት እንዳፈናቀለህ ራሱ ወሳኝ ነው።

ድንበር ያልተሻገረው ተፈናቃይስ? ለእሱ በቀጥታ የተሠራ ነገር ትንሽ ነው። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳአድ በ2021 የጀመረው የሂልደ ዶሚን ፕሮግራም አገሩ ውስጥ የመማር መብቱን የተነፈገ ወይም አደጋ ላይ ያለ ተማሪን ይቀበላል። ስደተኛ መሆን ግዴታ አይደለም። ነገር ግን ተማሪው ራሱ አያመለክትም፤ ጀርመን ያለ ተቋም ነው የሚያጨው። ኖርዌይም በ2015 ተመሳሳይ ፕሮግራም ጀምራ ነበር፤ እሱ ግን ያተኮረው በእንቅስቃሴያቸው ምክንያት አደጋ ላይ በወደቁ ተማሪዎች ላይ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ማንም ሰው የሚወዳደርበት የተለመደው መንገድ ነው፦ የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም፣ የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ፣ የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ፣ የቻይና መንግሥት። እነዚህ ስለ መፈናቀልህ አይጠይቁም። ፓስፖርትና ትራንስክሪፕት ግን ይጠይቃሉ።

በራስ ገንዘብ ጀርመን መሄድም ይታሰባል፣ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ክፍያ ስለማይጠይቁ። ግን ለቪዛው ብሎክድ አካውንት ውስጥ፣ ማለትም በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሂሳብ፣ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ይህ ቀልድ ነው።

ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ዋናው ፈተና እሱ ነው። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ስልክ፣ ኢንተርኔትና ባንክ ተቋርጦ ነበር። ሱዳን ካምፕ ሆኖ ከመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ስቱደንት ኮፒ ማስላክ የማይታሰብ ነበር። በ2023 ካርቱም ስትፈርስ ደግሞ እዚያ ይማሩ የነበሩት ተመሳሳይ ዕጣ ገጠማቸው። በሰላሙ ጊዜም ቢሆን የእኛ አገር ተመራቂ ወጪ መጋራቱን ሳይከፍል ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም። ሠርቶ ሊከፍል ሲል የተፈናቀለው ሰው ዲግሪው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

ለዚህ ሕጉ መልስ አለው። የ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 22 የትምህርት ማስረጃን ስለ ማወቅ፣ ስለ ክፍያ ቅናሽና ስለ ስኮላርሺፕ ያነሳል። የ1997ቱ የሊዝበን ስምምነት ደግሞ ወረቀት የሌለው ስደተኛ ትምህርቱ በሌላ መንገድ እንዲመዘን የፈረሙትን አገሮች ያስገድዳል። ከዚያ የወጣው የአውሮፓ የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት በ2017 ግሪክ ላይ ተሞከረ። መርማሪዎች ስደተኛውን ቁጭ አድርገው ምን ተማርክ፣ የትኛውን ኮርስ፣ የትኛው ክፍል ውስጥ፣ ማን አስተማረህ ብለው ይጠይቁታል። ያለውን ቅራቅንቦ ወረቀትም ያያሉ። ካመኑበት ደረጃውን የሚገልጽ ሰነድ ይሰጡታል። ዲግሪውን አይተካም፤ ለመመዝገብ ግን በር ይከፍታል። ጀርመንም በ2015 መጨረሻ ሰነድ የሌላቸው ስደተኞች በፈተና የሚገቡበትን አሠራር አጽድቃለች፣ ይህ ግን እዚያ ለደረሱት ነው።

መንቀሳቀስ ላልቻለ ኦንላይን ዲግሪ አለ። የአሜሪካው ሳውዘርን ኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ኬንያና ማላዊን በመሰሉ አገሮች ያሉ ስደተኞችን አስመርቋል። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል የትምህርት ክፍያ የለውም፤ ለፈተና ግን ያስከፍላል። ኔትዎርክ ያለበት ቦታ መሆን ብቻ ነው ጣጣው።

ደላላው ግን በየቦታው አለ። «የዩኤን ስኮላርሺፕ አስገባሃለሁ፣ ለፎርም ይህን ያህል ላክ» የሚል የቴሌግራም ቻናል ሞልቷል። ዳፊም ሆነ የካናዳውና የጣልያኑ ለማመልከቻ ሳንቲም አያስከፍሉም። ዩኤንኤችሲአር ያጣራቸውን ዕድሎች በአገርና በትምህርት ደረጃ ለይቶ የሚያወጣበት የራሱ ድረ ገጽ አለው። እዚያ ላይ መጀመሪያ የሚነበበው «ማን ማመልከት ይችላል» የሚለው መስመር ነው።