እውነት ተናግሮ የመሸበት ማደር

ይህን አባባል ብዙ ጊዜ የምንሰማው "ያመጣው ያምጣ" ለማለት ሲጠቀስ ነው። ለእኔ ግን ክብደቱ ያለው "የመሸበት ማደር" የሚለው ላይ ነው።

ምስሉ የእግር መንገደኛ ነው። ሆቴል በሌለበት አገር መንገደኛ ሲመሽበት ያገኘው ደጅ ላይ ቆሞ "የመሸበት የእግዜር እንግዳ" ይላል። "ቤት የእግዜር ነው" ብለው ያሳድሩታል። ታዲያ እውነት የተናገረው ሰው የራሱ ቤት የት ሄዶ ነው የሰው ደጅ የሚጠናው? እውነቱ የከነከነው ሰው፣ ብዙ ጊዜ ያው እንጀራና መኝታ የሰጠው ሰው ስለሆነ ነው።

ዛሬ ያ ቤት መሥሪያ ቤት ሆኗል። አላን ማክዶናልድ ለቻሌንጀር መንኮራኩር ሮኬት የሚሠራው የአሜሪካው ሞርተን ታያኮል ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ማታ መሐንዲሶቹ "ብርዱ የሮኬቱን መገጣጠሚያ የሚያሽገውን የላስቲክ ቀለበት ግትር አድርጎ እንዳያሽግ ያደርገዋል፤ መንኮራኩሯ አትነሳ" ብለው ተከራከሩ። ኃላፊዎቹ አልሰሟቸውም። ማክዶናልድ በማስነሻ ፈቃዱ ላይ አልፈርምም አለ፤ አለቃው ፈረመ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች። 7 ሰዎች አለቁ። ማክዶናልድ የሆነውን ሁሉ ለአጣሪው ኮሚሽን ተናገረ። ኩባንያው ከሥልጣኑ ዝቅ አደረገው።

ትክክል ነበር እኮ! ለምን ይቀጣል? የተቀጣው ትክክል ስለነበር ነው። ቢሳሳት ኖሮ ስቀውበት ያልፉ ነበር። አሁን ግን የእሱ አለመፈረም የፈረሙትን ያጋልጣል። ዝም ያለው ባልደረባም እሱን ባየ ቁጥር "አንተስ የት ነበርክ?" የተባለ ይመስለዋል። ስለዚህ ጥፋቱ ይረሳና ወሬው "ገመናችንን አደባባይ አወጣው" ወደሚለው ይዞራል። ቀጥሎ ጠባዩ ይመረመራል፤ ማርፈዱ ይቆጠራል። ቅጣቱ ደግሞ ለሌላውም ጭምር ነው፤ አይቶ አፉን እንዲይዝ።

ከቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ብቻውን አይችለውም። ለዚህም ነው በእኛ አገር የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የወጣው። ለማክዶናልድ የደረሰለት የአሜሪካ ምክር ቤት ነው፤ አባላቱ በኩባንያው ላይ ጫና አደረጉ። ወደ ኃላፊነቱ ተመለሰ። ያን የሮኬት መገጣጠሚያ እንደገና የመንደፉን ሥራ የመራውም እሱ ነው።