ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

ዕድር ላይ መዋጮ ሲጠየቅ ይህ አባባል አይጠፋም። ትርጉሙም ግልጽ ነው፤ ደካሞች ሲተባበሩ ብርቱውን ይጥሉታል።

ብዙ ሰው ‘ድር’ ሲባል የሸረሪቷ ትዝ ይለዋል። ለእኔ ግን የሸማኔው ይበልጥብኛል። ሸረሪት ብቻዋን ነው የምታደራው። ሸማኔው በቁመት የሚዘረጋው ድር ግን የስንት ሴት እንዝርት የፈተለው ነው። አንዷን ክር ሳቡት፤ ሕፃን ልጅ ይበጥሳታል። ጋቢው ሲያልቅ ስሙ የሚነሳው ሸማኔው ነው፤ ፈታዮቹን ማንም አይጠይቅም።

ይህን ያሳሰበኝ የእንግሊዙ የዕፅዋት ተመራማሪ ጆሴፍ ባንክስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1778 እስከ 1820 የለንደኑን የሳይንስ ማኅበር፣ ሮያል ሶሳይቲን፣ በፕሬዚዳንትነት መርቷል፣ የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛው የኪው የዕፅዋት ሥፍራም አማካሪ ነበር። ለንደን ተቀምጦ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የመርከብ ካፒቴኖች፣ ሐኪሞችና አትክልተኞች ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ፣ ከሕንዷ ካልካታ፣ ከጃማይካ ዘርና ችግኝ ይልኩለታል። ስለ ተክሎቹ የነበረው እውቀት ግን የየአገሩ ሰው ነበር። በ1793 ካፒቴን ብላይ በባንክስ አነሳሽነት የዳቦ ፍሬ ችግኝ ከታሂቲ ወደ ጃማይካ ያደረሰው በባሪያነት የተያዙትን ሰዎች በርካሽ ለመመገብ ታስቦ ነው። ያ ድር ያሰረው አንበሳ አይደለም፤ ቀድሞውኑ የታሰረን ሰው ነው። አባባላችንን በዚህ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር፣ ልቤን ነካኝ።

አንዷ ክር ደግሞ ከእኛው አገር ነች። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ1770 ጀምሮ ጎንደር በነበረበት ጊዜ ዕፅዋት ሰብስቧል፤ ሥዕሎቹን የሣለለት ጣሊያናዊው ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ ሞቶ ቀረ፣ ብሩስም የሚገባውን ምስጋና አልሰጠውም። ብሩስን ተቅማጥ ክፉኛ ሲጥለው ዋጊኖስ የሚባለውን ተክል ሥር አሳይተው ያዳኑት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ዘሩ ኪው ገብቶ በቀለ፣ በሳይንስ ስሙም ‘ብሩሲያ’ ተባለ። በየቤቱ ለትል ይጠጣ የነበረውን ኮሷችንን ደግሞ ብሩስ ለባንክስ ክብር ‘ባንክሲያ’ ብሎ ሰየመው። ስሙ አስቀድሞ ለአውስትራሊያ ተክል ተሰጥቶ ስለነበር ግን አልጸናም፤ ‘ሀገኒያ’ ተባለ፣ በአንድ ጀርመናዊ ሊቅ ስም። ያንን መራራ የኮሶ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ መጠኑን ለይተው ያቆዩት እናቶች የአንዷም ስም አልተጻፈም።